ደንበኛዋ አንዲት፣ ከፋዩ አምስት ቤት

ለአዘጋጁ፣

ስለ ውሃ ቢል በካርድ አከፋፈል ያወጣችሁትን ዘገባ ሦስቴ አነበብኩት። ሁለቱን ለራሴ፣ ሦስተኛውን ግቢያችን ውስጥ ጮክ ብዬ። ጎንደር ላይ ያሉ ደንበኞችም ቤታቸው ሆነው «በክሬዲት ወይም በዴቢት ካርድ» ይከፍላሉ የምትለዋ ጋ ስደርስ፣ እንጀራ ጋጋሪዋ ጎረቤቴ ምጣዷን ትታ መጣች። «እስቲ ድገሚልኝ» አለች። ደገምኩላት። እየሳቀች ተመለሰች።

መጀመሪያ ከዘገባው ጋር ስላወጣችሁት ፎቶ ልናገር። ስለ ጎንደር ምንም ይጻፍ ምን፣ የፋሲል ግንብ ይለጠፋል። ስለ ሽንኩርት ዋጋ ቢሆንም ያው ግንቡ ነው። አፄ ፋሲል የውሃ ቢል አልነበረባቸውም። ቆጣሪ ፎቶ ማንሳት ከፈለጋችሁ አዘዞ ብቅ ማለት ነበር፤ የእኛው በር ላይ ነው፣ መስታወቱ ቢሰነጠቅም ቁጥሩ ይነበባል።

ወደ ክሬዲቱ ልሂድ። ክሬዲት በአማርኛ ዱቤ ነው። ባንክ ይከፍልልናል፣ እኛ ቆይተን እንመልሳለን። አብዛኞቻችን ኪስ ውስጥ ያለው፣ ኤቲኤም የምንለው ካርድ ግን ዴቢት ነው። የራሳችን ብር ካለ ይቀንሳል፣ ከሌለ የለም። በሰፈሬ የማውቀው ዱቤ የሱቁ ደብተር ብቻ ነው፤ እሱም «ዱቤ ዛሬ የለም፣ ነገ ይሞክሩ» ከሚል ጽሑፍ ስር ነው የሚቀመጠው። ክሬዲት ካርድ ያለው ዘመድ የማውቀው ዋሽንግተን ነው። እንዲያውም ውጭ ያሉ ልጆች የእናታቸውን ቢል ከዚያው ሆነው ቢከፍሉ አንድ ቁም ነገር ነበር። ዘገባችሁ ግን ይህንን አላነሳም።

ይሄም ይለፍ። ያናደደኝ «ደንበኞች» የምትለዋ ቃል ናት። ጽሑፉ ውስጥ ደጋግማ ትመጣለች። ደንበኛው ቢሉን ያያል፣ ደንበኛው ካርዱን ያወጣል፣ ደንበኛው ይከፍላል፣ አለቀ። እኛ ግቢ አምስት ቤት አለ። ደንበኛዋ አንዲት ናት፣ አከራያችን። ውል ያላት እሷ፣ ቢሉም በሟች ባለቤቷ ስም ነው የሚመጣው። የቀረነው ውሃ እንጠጣለን፣ እናጥባለን፣ እንከፍላለን፤ ደንበኛ ግን አይደለንም። በናንተ ዘገባ ውስጥ የለንም ማለት ነው።

ቢሉ እንዴት እንደሚከፈል ልንገራችሁ። የሂሳብ አስተማሪ ስለሆንኩ ይህ ሥራ እኔ ላይ ወድቋል። ማንም አልመረጠኝም፤ «አንቺ ቁጥር ትችያለሽ» ተብዬ ቀረሁ። ወር በገባ በመጀመሪያው እሁድ ከሰዓት፣ ቡና እየተፈላ፣ ደብተሬን ይዤ እቀመጣለሁ። በሰው ብዛት ነው የምናካፍለው። አከራያችን ከልጅ ልጇ ጋር ሁለት። እኔና ልጄ ሁለት። እንጀራ ጋጋሪዋ ከነቤተሰቧ ስድስት። ባጃጅ ነጂው ከነሚስቱና ከነሁለት ልጆቹ አራት። የዩኒቨርሲቲ ተማሪው አንድ። ድምሩ አስራ አምስት። ቀላል ይመስላል።

አይደለም። የባጃጅ ነጂው ሁለተኛ ልጅ የስድስት ወር ሕፃን ነው። ይቆጠራል ወይ? አባትየው «ጡት ነው የሚጠባው» ይላል። ተማሪው ደግሞ «ጨርቁን የሚያጥበው ጡት ነው እንዴ?» ይላል። እሱ ራሱ ቅዳሜና እሁድ ብቻ ነው ልብስ የሚያጥበው፤ ስለዚህ ግማሽ ሰው ሆኜ ልቆጠር ይላል። እንጀራ ጋጋሪዋ ሊጥ የምታቦካው ለገበያ ነው፤ በስድስት ሰው ትቆጠር ወይስ በስምንት? ባለፈው ጥቅምት በዚህ የተነሳ ሁለት ቤት ለሦስት ሳምንት አልተነጋገረም። በመሃል የቆምኩት እኔ ነኝ። መስከረም ላይ ደግሞ አንድ ተከራይ ያለበትን ሳይከፍል በሌሊት ለቀቀ፤ ድርሻውን ከኪሴ ሞላሁ። ይህንን የትኛው ካርድ ያካፍለው?

አሁን ሂሳብ። አንድ ሜትር ኪዩብ አንድ ሺህ ሊትር ነው፤ በባለ 20 ሊትሩ ቢጫ ጀሪካን 50 ጀሪካን ማለት ነው። አንድ ቤት በወር አራት ሜትር ኪዩብ ቢጠቀም 200 ጀሪካን ይሆናል፤ በቀን ሰባት ገደማ። ብዙ አይደለም። በብዙ ከተሞቻችን የውሃ ታሪፍ በእርከን ነው የሚሰላው። ትንሽ የተጠቀመ በርካሹ ይከፍላል፣ በጨመረ ቁጥር ዋጋው ይወጣል። ሐሳቡ ደግ ነው፤ ለድሃው እንዲቀልለት ነው። ግን አምስት ቤት በአንድ ቆጣሪ ሲጠጣ፣ ቆጣሪው 20 ሜትር ኪዩብ የጨረሰ አንድ ሀብታም ነው የሚያየው። የመዋኛ ገንዳ ያለው ሰው እንበል። እያንዳንዳችን የየራሳችን ቆጣሪ ቢኖረን ታችኛው እርከን ላይ ነበርን። በጋራ ስንሆን ወደ ላይ ወጣን። የጎንደር ተከራይ የውሃ ጥያቄ ይህ ነው። በካርድ ብንከፍል ያው ውዱን ዋጋ በፍጥነት እንከፍላለን።

አየሩንም አትርሱ። ውሃ በፈረቃ ነው የሚመጣው። ሲጠፋ ቧንቧው በአየር ይሞላል። ሲመለስ መጀመሪያ ፉጨት ይመጣል፣ ቆጣሪው በፉጨቱ ይዞራል፣ ከዚያ ነው ውሃው። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ባትሪ ይዤ አይቼዋለሁ፤ ባልዲዬ ባዶ፣ ቆጣሪዬ ሩጫ ላይ። ባለሮቶዎቹ ሌሊቱን ተኝተው ይሞላላቸዋል። እኛ ሮቶ የለንም፣ ተራ ገብተን ነው ጀሪካን የምንደረድረው። እናንተ ሰልፍ ቀረ ብላችሁ ስትጽፉ የትኛውን ሰልፍ ነው? የመክፈያውን ከሆነ እሺ፣ እሱ በፊትም እንደ ጀሪካኑ አላስጨነቀንም። አንገረብ ግድብ ለስንት ዓመት አጠጥቶናል፤ አሁን ግን ከላይ እየታጠበ የሚወርደው አፈር ደለል ሆኖ ሆዱን ይዞታል። አዲሱ የመገጭ ግድብ ይደርሳል ይደርሳል ሲባል ልጄ አንደኛ ደረጃን ጨረሰ። ዘገባችሁ ውስጥ ከሁለቱ አንዳቸውም የሉም። ካርድ ግን አለ።

የዘመኑ ነገር የማይገባት ሴት አድርጋችሁ እንዳታዩኝ። ቴሌብር በግንቦት 2013 ሲጀመር ከግቢው መጀመሪያ የተመዘገብኩት እኔ ነኝ። አሁንም ቢሉን በስልኬ ነው የምከፍለው፣ ተመስገን ነው፣ እግሬ አርፏል። ግን ስልክና ካርድ አንድ አይደሉም። ካርድ ማሽን ወይም ኢንተርኔት ይፈልጋል፣ ሁለቱም ኔትወርክ ይፈልጋሉ። በነሐሴ 2015 በክልላችን የሞባይል ዳታ ተቋርጦ ለወራት ቆይቷል፤ አዲስ አበባ ሆኖ ለሚጽፍ ሰው ይህ ሊረሳ ይችላል። የቴሌብሩ ኮከብ 127 መሰላል ግን ያለ ዳታም ይሰራል። እንግዲህ አንድ ነገር «ለሁሉም ቀላል» ነው ከማለታችሁ በፊት ኔትወርክ ሲጠፋ ምን እንደሚሆን መጠየቅ አይከፋም። በካርድ ሲከፈል የባንኩን ኮሚሽን ማን እንደሚሸከምም አልጻፋችሁም። አንድ በመቶም ብትሆን ለአስራ አምስት የማካፍላት እኔ ነኝ።

ደግሞ ደረሰኙ። በፊት በመስኮት ስንከፍል የወረቀት ደረሰኝ ይሰጠን ነበር። ቆጣሪው አጠገብ ምስማር አለ፣ እዚያ ላይ እሰካዋለሁ። የፈለገ ያያል፣ ማንም አያወራም። በስልክ መክፈል ከጀመርኩ ወዲህ ማስረጃው መልእክት ሆኖ እኔ ስልክ ውስጥ ነው። ተማሪው በትህትና «መምህርት፣ እስቲ ላየው?» ይላል። የባጃጅ ነጂው ሚስት ምንም አትልም፣ ታየኛለች። አንድ ወር በእጄ ገልብጬ ወረቀት ላይ ጻፍኩት፤ «በእጅማ ማን አይጽፍ» ተባልኩ። አሁን ጎዳና ላይ ካለ ኮፒ ቤት እያሳተምኩ ምስማሩ ላይ እሰካለሁ። የኅትመቱን ብር ማንም አላካፈለኝም።

ማረሚያ ካወጣችሁ «ደንበኞች» ካላችሁበት ጎን «ተከራዮችም» የምትል ቃል ጨምሩ። ጋዜጠኛችሁ ማየት ከፈለገም ወር በገባ በመጀመሪያው እሁድ ከሰዓት ይምጣ። ቡና አለ፣ ውሃ ከመጣ። ካርዱን ቤቱ ይተወው፣ ዝርዝር ብር ግን ይያዝ፤ ሁልጊዜ መልስ ያጥረኛል።

ከአዘዞ፣ ጎንደር
የግቢው ቢል ሰብሳቢ