ድምፃችሁን ላዋሳችሁን ሁሉ፦ የምስጋና መልእክት

ይድረስ በማዳመጥ ስልጠናው ለተሳተፋችሁ፣ ላገዛችሁና በራችሁን ለከፈታችሁልን ሁሉ፤

አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ባለሙያ ካርል ሮጀርስ በመሠረተው ሰው ተኮር የምክር አሰጣጥ (ምክር ከመለገስ ይልቅ ተናጋሪውን አዳምጦ ለመረዳት የሚጥር አቀራረብ) ላይ ለበጎ ፈቃድ አድማጮች የተሰጠው ስልጠና በሰላም ተጠናቋል። እግዚአብሔር ይስጥልን። ውለታችሁ በአንድ ቃል የሚታለፍ ስላልሆነ፣ ያደረጋችሁት ነገር የት ላይ እንደጠቀመ ዘርዘር አድርገን ልንጽፍላችሁ ወደድን።

ከሁሉ አስቀድሞ ምስጋናችን ድምፃችሁ እንዲቀዳ ለፈቀዳችሁ ይድረስ። ማዳመጥን ከመጽሐፍ ብቻ የተማረ ሰው የለም። ሮጀርስ በ1940ዎቹ መጀመሪያ (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) በኦሃዮ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ሲያስተምር የምክር ውይይቶችን በሸክላ ያስቀዳ ነበር፤ አንዱ ገጽ የሚይዘው ጥቂት ደቂቃ ብቻ ስለሆነ ሸክላው ቶሎ ቶሎ ይቀየራል። በ1942 ባሳተመው መጽሐፍም፣ ኸርበርት ብራያን የሚል የተለወጠ ስም የተሰጠው ሰው ከአማካሪው ጋር ያደረጋቸው ስምንት ውይይቶች ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ቃል በቃል ወጥተዋል። አማካሪ ከትዝታው ሲጽፍ የራሱን ወሬ ያሳጥራል፣ የሰጠውንም ምክር ያሳምራል። ቅጂ ግን ያለውን እንዳለ ያስቀምጣል።

ሰልጣኞቻችንም ከእናንተ ቅጂ አምስት ደቂቃ መርጠው ቃል በቃል ጻፉ። ከዚያ አድማጩ በተናገረው እያንዳንዱ ነገር አጠገብ ከአምስት አንዱን ምልክት አደረጉ፦ መፍረድ፣ መተንተን፣ ማጽናናት፣ መጠየቅ፣ መረዳት። አከፋፈሉ የሮጀርስ ተማሪ የነበረው ኤልያስ ፖርተር በ1950 ባሳተመው መጽሐፍ ያሰፈረው ነው። የጀማሪ ገጽ በጥያቄና በማጽናናት ይሞላል። ክፋት ኖሮበት አይደለም፤ የሰው ሐዘን ሲበረታ አድማጩ ራሱ ይጨነቃል፣ "አይዞሽ" ሲልም ቀድሞ የሚረጋጋው እሱ ነው። ተናጋሪዋ ግን ነገሩ እዚያ ላይ እንዲያበቃ የተጠየቀች ይመስላታል፤ ትዘጋዋለች።

አንድ ማሳያ እናስቀምጥ፤ ለስልጠናው ያዘጋጀነው እንጂ የማንም ቅጂ አይደለም። ከአረብ አገር የተመለሰች እናት፣ "ልጆቼን እንዳይ ነው የመጣሁት። አሁን ግን ቤቱ ሰው ሲሞላ ውጪ ውጪ ይለኛል" ትላለች። "አይዞሽ፣ ትለምጂዋለሽ" ቢሏት ማጽናናት ነው። "ከመቼ ጀምሮ?" መጠየቅ ነው፤ መልሷ ቀን ይሆናል፣ ከቀኑ በኋላም ሌላ ጥያቄ ይጠበቃል። "ልጆቼ ብለሽ መጥተሽ፣ አሁን ደግሞ ከነሱ መሸሽ አማረሽ" ቢሏት ለመረዳት የተደረገ ሙከራ ነው። እሷም ትንሽ ዝም ትልና፣ "መሸሽ እንኳ አይደለም… እንግዳ ሆኜባቸዋለሁ። ሲያዩኝ ይነሱልኛል" ትላለች።

ልብ በሉ፣ አድማጩ በትክክል አልገባውም ነበር። ያም ሆኖ ከሦስቱ የሠራው ይሄኛው ነው፤ ምክንያቱም ወደ ውስጧ ተመልክታ እንድታርመው ቦታ ሰጥቷታል። ሮጀርስ በ1986፣ ሊሞት አንድ ዓመት ገደማ ሲቀረው፣ ሰዎች ሥራውን "ስሜትን መልሶ ማንጸባረቅ" ማለታቸው እንደማይጥመው ጽፎ ነበር፤ እሱ የሚያደርገው በትክክል ገብቶት እንደሆነ ማጣራት ነው። ዘዴው ብዙ ቦታ የሚበላሸውም እዚህ ጋ ነው። ሰልጣኙ የሰማውን እንደ በቀቀን ይደግማል፣ ተናጋሪውም "እሱን ነው እኮ ያልኩት" ብሎ ይናደዳል። ሲሳካ ደግሞ "አይ፣ እንደዚያ ሳይሆን…" የሚል ንግግር ይከተላል። በቅጂዎቻችሁ ውስጥ ይህችን "አይ" ሳትፈሩ ስላላችሁ ከልብ እናመሰግናለን።

ዝምታችሁንም እንዲሁ። ከሮጀርስ ጋር በቺካጎ የሠራው ዩጂን ጀንድሊንና ባልደረቦቹ ቅጂዎችን ሲመረምሩ፣ ሕክምናው የሚሳካላቸው ሰዎች ገና ከጅምሩ አነጋገራቸው የተለየ መሆኑን አስተውለዋል፤ ቆም ይላሉ፣ ቃል ይፈልጋሉ፣ ያገኙትን ቃል ይጥሉና ሌላ ይሞክራሉ። ስለዚህ ተናጋሪው ዓይኑን ወደ መሬት ጥሎ ዝም ካለ አድማጩ አፉን አይከፍትም። ዓይኑን አንስቶ ካየውና መልስ የሚጠብቅ ከመሰለ ግን ይናገራል። "ደረቴ ላይ የሆነ ነገር ተቀምጧል" ያለን ሰውም "ድብርት ነው" አንለውም፤ የተቀመጠው ነገር ምን እንደሚመስል እሱ እስኪነግረን እንቆያለን።

በሦስት በሦስት ሆናችሁ ለተለማመዳችሁ፦ ተናጋሪ፣ አድማጭና ታዛቢ ሆኖ 20 ደቂቃ መነጋገር፣ 10 ደቂቃ አስተያየት፣ ከዚያ ቦታ መቀያየር፤ ሙሉው ዙር 90 ደቂቃ ነው። የምታነሡት ጉዳይ የእውነት እንዲሆን፣ ክብደቱም ከ10 ነጥብ ከሦስት ወይም ከአራት እንዳይበልጥ ስንለምናችሁ ጠብቃችሁልናል። ከዚያ ከቀለለ የሚደመጥ ነገር የለውም፤ ከከበደ ደግሞ በ20 ደቂቃ የተከፈተ ቁስል ሳይታሰር ሰው ወደ ቤቱ ይሄዳል። በአስተያየቱ ጊዜ ቀድሞ የሚናገረው ተናጋሪው መሆኑ አንዳንዶቻችሁን ግር ብሏችሁ ነበር። ሮጀርስ በ1957 ባወጣው ጽሑፍ ለለውጥ ያስፈልጋሉ ያላቸው ነገሮች ስድስት ናቸው። ሰው የሚያስታውሰው የአማካሪውን ሦስት ብቻ ነው፦ ሳያስመስሉ እውነተኛ ሆኖ መገኘት፣ ያለ ቅድመ ሁኔታ መቀበል፣ ሰውን ከውስጡ ሆኖ መረዳት። ስድስተኛው ይረሳል፤ ይኸውም መቀበሉና መረዳቱ ቢያንስ በጥቂቱ ለተናጋሪው መድረስ አለበት። መድረሱን የሚያውቀው ደግሞ ተናጋሪው ብቻ ነው፤ ታዛቢው በመጨረሻ የሚናገረውም ለዚህ ነው።

አባቶቻችንና እናቶቻችን፣ በታዛቢነትም በተናጋሪነትም ለተቀመጡልን፣ ዕድሜ ይስጥልን። በሽምግልና ሁለት ወገን ሰምቶ፣ አመዛዝኖ፣ አስታርቆ መነሣት የለመደ ሰው፣ ምንም ሳይበየንና ሳይታረቅ "ጊዜው አልቋል" ሲባል ዝም ብሎ መነሣቱ ቀላል አይደለም። እናንተ ያንን ችላችሁልናል። ለወጣት አድማጮችም ከባድ ነገር አቅልላችሁላቸዋል። ታላቅን ሰው "ተናደዋል" ማለት ድፍረት ይመስላልና ብዙዎቹ ይፈሩ ነበር። "እንደገባኝ ከሆነ ነገሩ ቅር አሰኝቶዎታል፤ ተሳስቼ ከሆነ ያርሙኝ" የሚለውን አነጋገር ያገኘነው ከእናንተ ጋር ስንለማመድ ነው። አክብሮቱንም ማጣራቱንም አብሮ ይዟል፤ በሚቀጥለው ስልጠና እናስተምረዋለን።

ክፍሎቻችሁን ለሰጣችሁን፦ በመካከል ጠረጴዛ ሳይኖር፣ ወንበሮቹ ፊት ለፊት ሳይሆን ገደድ ብለው አንድ ሜትር ተኩል ያህል ተራርቀው፣ ሰዓቱም አድማጩ አንገቱን ሳያዞር በሚያየው ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ስናገኘው ደስ ብሎናል። ቡና ላፈላችሁልን እናቶችና እህቶችም፣ ስኒው በልምምድ ሰዓት እንዳይንኳኳ ብላችሁ እስከ መጨረሻ አቆይታችሁልናል። ከልምምዱ በኋላ ያለው የቡና ግማሽ ሰዓት የስልጠናው አንድ ክፍል ነው፤ ከባድ ነገር የተናገረ ሰው ስለ ገበያና ስለ ልጆች እያወራ ቆይቶ ነው ወደ ቤቱ መሄድ ያለበት።

ለነርሶችና ለአእምሮ ጤና ባለሙያዎች ያለን ምስጋና ለየት ይላል። ይህን አቀራረብ የምንወደው ወሰኑን እያወቅን ነው። ሮጀርስና ባልደረቦቹ በዊስኮንሲን፣ በሜንዶታ ሆስፒታል ስኪዞፍሬኒያ (እውነታን ከቅዠት መለየት የሚያውክ ከባድ የአእምሮ ሕመም) ካለባቸው ሕሙማን ጋር ሠርተው በ1967 ባሳተሙት ጥናት፣ ሕክምናውን ያገኙት በጥቅሉ ካላገኙት ብዙም አልተሻሉም። ስለዚህ ራሱን ለማጥፋት የሚያስብ፣ ሌላው የማይሰማውን ድምፅ የሚሰማ፣ እንቅልፍና ምግብ የተወ ወይም ቤቱ ውስጥ የሚደበደብ ሰው ሲያጋጥም፣ ማዳመጡ ሳይቋረጥ በዚያው ቀን ወደ ባለሙያ ይደርሳል። ራስን ስለማጥፋት በቀጥታ መጠየቅ ሐሳቡን በሰው ውስጥ እንደማይዘራ ደጋግማችሁ ያስረዳችሁን እናንተ ናችሁ። "ራስሽን ለማጥፋት አስበሽ ታውቂያለሽ?" የሚለውን ጥያቄ እያንዳንዱ ሰልጣኝ ድምፁን ከፍ አድርጎ እስኪለምደው ድረስ ማስደገማችሁም ትክክል ነበር።

በመጨረሻ ስለ ቅጂዎቹ። ሁሉም በፈቃድ ቅጹ ላይ በተጻፈው ቀን ይሰረዛሉ። ከዚያ በፊት የሚፈልግ ካለ ምክንያት ሳይጠየቅ ይሰረዝለታል፤ ሲቀዳ ፈቅዶ በኋላ ሐሳቡን የቀየረም እንዲሁ። ሰልጣኞች ሆይ፣ ከስልክ ላይ የሰረዛችሁት ድምፅ "በቅርቡ የተሰረዙ" በሚለው ማህደር ይቆያል፣ በራሱ ወደ ኢንተርኔት መጠባበቂያም ተገልብጦ ሊሆን ይችላል። ከሦስቱም ቦታ አጥፉ። በወረቀት የጻፋችሁትንም ቀድዳችሁ አስረክቡን።

ከታላቅ አክብሮትና ምስጋና ጋር፣
የስልጠናው አስተባባሪዎች