እማዬ ያንቺን ድምፅ ትፈልጋለች

ውዷ ጓደኛዬ፣

ጠፋሁብሽ፤ ይቅርታ። ሰበብ ብደረድርልሽ ታውቂብኛለሽ፣ ስለዚህ ልለፈው። የምጽፍልሽ በእማዬ ጉዳይ ነው።

አባዬ ካረፈ በኋላ አላለቀሰችም። ሰው ሲመጣ ታስተናግዳለች፣ ሲሄድ ዝም ትላለች። አንድ ሌሊት ግን ደረቴን ብላ ተነሳች፣ ትንፋሽ አጠራት። ሃርት አታክ መስሎን ይዘናት በረርን። የመጀመሪያው ምርመራም ያንኑ ነበር የሚመስለው። የልቧ የደም ሥሮች ሲታዩ ግን አንድም የተዘጋ የለም። የግራው የልቧ ክፍል ጫፉ ተነፍቶ፣ መጭመቅ አቅቶታል። ሐኪሙ «በቅርቡ ሐዘን ደርሶብዎታል?» ሲላት ያኔ ነው ያለቀሰችው። አላባራ አለች።

ሕመሙን ታኮትሱቦ ይሉታል። የጃፓን ሐኪሞች ናቸው እ.ኤ.አ. በ1990 ለመጀመሪያ ጊዜ የጻፉበት። ከባድ ሐዘን ወይም ድንጋጤ ሲመጣ እንደ አድሬናሊን ያሉ ሆርሞኖች ልብን ያጥለቀልቁታል፤ ጡንቻው ለጊዜው ይዝላል። ብዙውን ጊዜ የሚይዘው የወር አበባቸው የተቋረጠ ሴቶችን ነው። አብዛኞቹ በሳምንታት ውስጥ ያገግማሉ አለኝ። እኔ ግን እስካሁን ማታ ማታ እየተነሳሁ ትንፋሿን አዳምጣለሁ።

አንቺ ድሮም ነፍስና ሥጋ አይነጣጠሉም ትዪ ነበር። ይኸው በእማዬ አየሁት። ፍቅሯ ነው ልቧ ላይ የወጣው።

እ.ኤ.አ. በ2006 የታተመ አንድ ጥናት አነበብኩ። ባለትዳር ሴቶች አንጎላቸው እየታየ ኤሌክትሪክ ሊነዝራቸው እንደሚችል ይነገራቸዋል። የባላቸውን እጅ ሲይዙ አንጎላቸው ላይ የሚታየው ስጋት ይቀንሳል። የማያውቁት ሰው እጅም ትንሽ ይረዳል፣ የባልን ያህል ግን አይደለም። ትዳራቸው የሰመረላቸው ደግሞ ይበልጥ ይረጋጋሉ። ይህን ካነበብኩ ወዲህ እጇን ይዤ ነው የምቀመጠው። የለመደችው እጅ ግን የኔ አይደለም። ምን ላድርግ?

ማታ አብረን እንጸልያለን። ስትጸልይ ትንፋሿ ዝግ ይላል፣ ፊቷም ይፈታል። ዝግ ያለ ትንፋሽ የልብን ምት እንደሚያረጋጋ ሐኪሞችም ይናገራሉ። እኔ ግን ትንፋሽ ብቻ ነው ብዬ አላምንም። የሚሰማኝ አለ ብላ ስለምታምን ነው የምትረጋጋው። እኔ ራሴ... ለማንም አልተናገርኩትም፣ ላንቺ ልንገርሽ። እግዚአብሔርን ተቀይሜዋለሁ። አሜን የምለው ለሷ ስል ነው። በዚህ ላይ ሌላ ቀን እናውራ።

እና እባክሽ... ደውይላት። ሰሞኑን «ያቺ ሳቂታ ልጅ የት ገባች?» ብላ ጠይቃኛለች። አንቺ ስትስቂ እንኳን እማዬ ጎረቤቱም ይነቃል! ስለ አባዬ ለማውራት አትፍሪ። ሰው ሁሉ ስሙን እየዘለለ ነው የሚያወራት፣ እሱ ነው ይበልጥ የሚያማት። ስለ ልጆችሽም ንገሪያት፤ የትንሿን ተንኮል ስትሰማ ደስ ይላታል። ጠዋት መድኃኒቷን ወስዳ ትተኛለች፣ ከሰዓት በኋላ ቢሆን ይሻላል። ቁጥሯ ያው የድሮው ነው። ቶሎ ካላነሳች አትዝጊው፣ ቀስ ብላ ነው የምትራመደው።

የምትወድሽ ጓደኛሽ