«ስንት ሜትር?» ከሚለው በፊት

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል

በግቢው የውሃ ጉድጓድ ሊያስቆፍር የተነሣ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው «ስንት ሜትር ላይ ይወጣል?» ብሎ ነው። ጎረቤቱ 60 ሜትር ላይ ካገኘ እሱም 60 ሜትር ይዋዋላል፤ ካልወጣ 20 ያስጨምራል። ሜትር ለመቁጠር ይቀላል፤ ውሃውን የሚይዘውም የሚከለክለውም ግን ዐለቱ ነው።

ከእሳተ ገሞራ ቅልጥ (ላቫ) ቀዝቅዞ የተሠራውን ጥቁር ዐለት፣ ባዛልትን እንይ። ድፍኑ ባዛልት ውሃ አይሰጥም። ውሃው የሚገኘው በስንጥቆቹ፣ በተበሳሳው የላቫ አናትና አንዱ የላቫ ንብርብር በሌላው ላይ በተኛበት መጋጠሚያ ነው። በመጋጠሚያው ላይ ቀይ ሸክላ ከተገኘ፣ ከላይ ያለውን ውሃ ያቆመው ወለል እሱ ሊሆን ይችላል። ያንን በስቶ ማለፍ የተገኘውን ውሃ ከሥር ላለ ደረቅ ስንጥቅ ማስረከብ ነው። «ትንሽ ጨምርበት» የሚለው ትእዛዝ ጉድጓድ የሚያደርቅበት ጊዜ አለ። በግራናይት ደግሞ ስንጥቁ ወደ ታች እየጠበበ ስለሚሄድ፣ ተስፋው ያለው በበሰበሰው ዐለት ግርጌና ከሱ ሥር ባለው የተሰነጣጠቀ ክፍል ነው።

ከቁፋሮ በፊት መሬቱ ኤሌክትሪክን ምን ያህል እንደሚያሳልፍ የሚለካው የኤሌክትሪክ ቅኝት ይረዳል። ይሁን እንጂ እርጥብ ሸክላም ውሃ ያዘለ ስንጥቅም ኤሌክትሪክን በቀላሉ ስለሚያሳልፉ ንባቡ ብቻውን አያስተማምንም። ቁርጡ የሚታወቀው ሲቆፈር ከሚወጣው የዐለት ፍርፋሪ ነው። በየሜትሩ አንድ እፍኝ ናሙና በተራ ይደርደር፤ አንዱን ሜትር ለመቆፈር የፈጀው ደቂቃ፣ ውሃ ብቅ ያለበትና የጨመረበት ጥልቀት ይጻፍ። ኬዚንግ ማለት የጉድጓዱን ግድግዳ የሚደግፈው ቱቦ ነው፤ ውሃ የሚያስገባው ቀዳዳ ያለው ኬዚንግ የት እንደሚገባ የሚወሰነው በዚህ መዝገብ ነው። መዝገቡ ከሌለ ቀዳዳው ከሸክላ ፊት ለፊት ይቀመጥና ፓምፑ ጭቃ ይስባል፤ ውሃው ከድፍኑ ቱቦ ጀርባ ይቀራል።

በኬዚንጉና በጉድጓዱ ግድግዳ መካከል ያለው ክፍተትም ይዘነጋል። የባለ 6 ኢንች ብረት ኬዚንግ የውጭ ስፋት 168 ሚሊ ሜትር ነው። በ8 ኢንች ጉድጓድ ውስጥ በየጎኑ የሚተርፈው ከ2 ሴንቲ ሜትር ያነሰ ስለሆነ ውሃውን የሚያጣራው ጠጠርም ማሸጊያው ሲሚንቶም በወጉ አይወርድበትም፤ በ10 ኢንች ግን ከ4 ሴንቲ ሜትር በላይ ይተርፋል። ከላይ ቢያንስ 6 ሜትሩ በሲሚንቶ ይታሸግ። በዚህ ስፋት ስሌቱ ባለ 50 ኪሎ 4 ከረጢት ያህል ይመጣል፤ ግድግዳው ወጣ ገባ ስለሆነ 6 ማዘጋጀት ይሻላል። ለአንድ ከረጢት 26 ሊትር ያህል ውሃ ይበቃል፤ ውሃ በዝቶበት ሲቀጥን ይዘቅጣል፣ ሲደርቅም ይኮማተራል። ሙሌቱ በቀጭን ቱቦ ከታች ወደ ላይ ይሁን። ከአፉ የተደፋ ሲሚንቶ መሐል ላይ ተንጠልጥሎ ከሥሩ ባዶ ይተዋል፤ ጎርፍና ፍሳሽ የሚወርደው በዚያ ነው። ሽንት ቤትን 30 ሜትር ማራቅ ማጣሪያ አፈር ባለበት ይጠቅማል፤ በተሰነጠቀ ዐለት ውስጥ ግን ፍሳሽ ሳይጣራ ከዚያም አልፎ ይሄዳል።

በመጨረሻ፣ ጉድጓዱ ምን ያህል ውሃ እንደሚሰጥ የሚለካበት ፍተሻ። በ6 ኢንች ኬዚንግ ውስጥ አንድ ሜትር የቆመ ውሃ 18 ሊትር ያህል ነው። 50 ሜትር ውሃ ካለ 900 ሊትር ማለት ነው። በሴኮንድ 1 ሊትር የሚስብ ፓምፕ ከዐለቱ ጠብታ ሳይገባ 15 ደቂቃ ሲያፈስ ቆይቶ ባለቤቱን ሊያስጨበጭብ ይችላል። ስለዚህ 24 ሰዓት ሳይቋረጥ በአንድ ልክ ይሳብ፤ የውሃው ከፍታ እየተለካ ይመዝገብ፤ ፓምፑ ከቆመ በኋላም የሚመለስበት ፍጥነት ይያዝ። በሚሳብበት ጊዜ የውሃው ከፍታ መውረዱን ካላቆመ የሚሳበውን መጠን መቀነስ እንጂ ፓምፑን ወደ ታች ማውረድ መፍትሔ አይሆንም።

ውሉ ላይ ከሜትሩ ጎን የናሙናው መዝገብ፣ የኬዚንጉ አቀማመጥ ንድፍና የፍተሻው ውጤት ይግቡ፤ የመጨረሻው ክፍያም እነሱን ከመረከብ በኋላ ይሁን። ከዓመታት በኋላ ፓምፕ ሊቀይር የሚመጣው ባለሙያ መጀመሪያ የሚጠይቀው እነዚህን ወረቀቶች ነው።

ከአክብሮት ጋር
የጉድጓድ ቁፋሮ ባለሙያ