ፍርዱ አለ፣ እርቁ የለም

ይድረስ ለተከበሩ አባቴ፤ ቢቸና።

ለጤናዎ እንደምን ከርመዋል? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነኝ። «ማን ተጠየቀ፣ እርቅስ ወረደ ወይ?» ብለው የጠየቁኝ የአሜሪካው፣ የቴክሳሱ፣ የዌኮው ነገር በስልክ አያልቅም ብዬ ጻፍኩልዎ።

ዘመኑን በእኛ አቆጣጠር ይያዙት። ዴቪድ ኮሬሽ የሚባል የሃይማኖት መሪ ከተከታዮቹ ጋር በሚኖርበት ግቢ ተኩስ የተከፈተው በ1985 ዓ.ም. የካቲት 21፣ በቅድስት እሑድ ነው። ግቢውን የበላው እሳት የተነሣው ሚያዝያ 11፣ በፋሲካ ማግስት። ሑዳዴው ከሞላ ጎደል በከበባ አለቀ፤ 51 ቀን። በመጀመሪያው ቀን ለመሣሪያ ፍተሻ ከመጡት የመንግሥት ሰዎች 4፣ ከአማኞቹ 6 ሞቱ። በመጨረሻው ቀን ደግሞ ሕፃናት ጨምሮ 76። አለቆቹ መምጣታቸው አስቀድሞ እንደታወቀ እያወቁ ነው የገቡት፤ ጥፋቱ ከዚያ ይጀምራል።

«ታዲያ ማን ተጠየቀ?» ላሉት፦ ከተረፉት 11 ሰዎች እ.ኤ.አ. በ1994 ሳን አንቶንዮ ላይ ተከሰሱ። እዚያ ጥፋተኛ ነው አይደለም የሚሉት ከሕዝብ የተመረጡ 12 ሰዎች ናቸው፤ ቅጣቱን የሚለካው ዳኛው ነው። ዐሥራ ሁለቱ በግድያ ሤራ አንዱንም ጥፋተኛ አላሉም። አምስቱን ግን በደም ፍላት በመግደል ጥፋተኛ አሏቸው፤ ይህ በእኛ ወንጀል ሕግ አንቀጽ 541 ከሚታየው ጋር ይቀራረባል። እነዚህን አምስቱን ጨምሮ ሰባት ሰዎችን ደግሞ በወንጀል ላይ መሣሪያ በመጠቀም። ሤራው ከሌለ በሤራው ላይ መሣሪያ መያዝ ከየት መጣ? ዳኛውም መጀመሪያ ይህንኑ ብሎ ሰርዞት ነበር፤ ኋላ መለሰው።

ጣጣው የመጣው ከቅጣቱ ነው። በመግደሉ 10 ዓመት፤ በመሣሪያው፣ ተራ ጠመንጃ ከሆነ 5፣ መትረየስ ከሆነ 30። ዳኛው ዐሥራ ሁለቱን ሳይጠይቅ መትረየስ ነው አለና በአምስቱ ላይ 40 ፈረደ። የዐሥራ ሁለቱ ሰብሳቢ ራሷ ቅጣቱ በዛ ብላ ተቃወመች። እ.ኤ.አ. በ2000 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ የመሣሪያው ዓይነት ራሱ የወንጀሉ አካል ስለሆነ መወሰን ያለባቸው ዐሥራ ሁለቱ ናቸው አለ። አርባው ወደ 15 ወረደ፤ እስረኞቹም እ.ኤ.አ. በ2006 እና በ2007 ተፈቱ።

የሟች ቤተሰቦች ካሳ ጠይቀው ነበር። መንግሥት ሲከሰስ የሚወስነው ዳኛው ብቻ ነው፤ ያም ሆኖ አምስት ሰዎችን ለምክር አስቀመጠ፤ መንግሥት አላጠፋም አሉ፣ እሱም አጸናው። ሳንቲም አልተከፈለም። ይህ በሆነበት እ.ኤ.አ. በ2000 ልዩ መርማሪው ጆን ዳንፎርዝ እሳቱን መንግሥት አላስነሣም አለ። ነገር ግን በዚያ ጧት እሳት የሚተፋ ጋዝ ጥይት መተኮሱን ባለሥልጣናት ስድስት ዓመት ደብቀው ተገኙ። እሳቱ ከጥይቱ ባይነሣም፣ ውሸቱ ግን ያመነውንም ሰው አስከዳ። ይህ ድብቅ ሳይገለጥም በፊት ቲሞቲ ማክቬይ የሚባል ሰው ዌኮን እበቀላለሁ ብሎ፣ ከእሳቱ በሁለተኛ ዓመቱ፣ በዚያው ዕለት፣ ኦክላሆማ ሲቲ ላይ የመንግሥት ሕንጻ በቦምብ አፍርሶ 168 ሰው ገደለ።

እርቁን ነው የጠየቁኝ፤ እሱ የለም። እንደ እናንተ እንደ ሽማግሌዎቹ መስቀል ይዞ ሟች ቤት የሄደ፣ ድንጋይ ተሸክሞ ይቅር በሉኝ ያለ፣ ደም ያደረቀ አልሰማሁም። ደም ሲያደርቁ ግን አንድ ነገር ያስረዱልኝ፤ በእኛ ሕግ እርቅና ካሳ ቅጣት ያቀላል እንጂ የግድያ ክስ አያስቀርም። ቤተሰቡ «ተፈታን» ብሎ ሄዶ ዐቃቤ ሕግ ሲጠራው ሽማግሌውን ነው የሚወቅሰው።

ለእናቴና ለጎረቤቱ ሁሉ ሰላም ይበሉልኝ።

ልጅዎ