ለልጄ መድኃኒት ስትሉ ቤታችሁን ለከፈታችሁ

ልጄ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ስኳር እንዳለባት ከታወቀ ነገ ዓመት ይሞላል። ፊት ለፊት ላመሰግናችሁ ስል እንባ ይቀድመኛል። ስለዚህ ልጻፈው።

አምና በዚህ ሰሞን ውሃ ጠጥታ አትረካም ነበር። ሌሊት አራት አምስቴ ለሽንት ትነሳለች። ከዚያ ፍራሽ ማርጠብ ጀመረች፤ እኔም ተቆጣኋት። ይኼ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። ዩኒፎርሟ ሰፋባት። ማስመለስ ስትጀምር አንድ ክሊኒክ ወሰድናት፤ "ታይፎይድ ነው" ተብለን መድኃኒት ይዘን ተመለስን። ጣቷን ወግቶ ስኳሯን ያየላት አልነበረም። በሦስተኛው ቀን ትንፋሿ እጅግ እንደበሰለ ሙዝ ሸተተኝ። ብጠራት አልመልስ አለችኝ።

የባጃጁ ሾፌር ወንድሜ፣ በዚያ ሌሊት ወረታን አቋርጠህ ጤና ጣቢያ አደረስከን። ሒሳብ ስዘረጋልህ "መጀመሪያ ልጅቷ ትዳን" ብለህ እጄን መለስከው። እግዚአብሔር ይስጥልኝ።

የጤና ጣቢያዋ ነርስ፣ አንቺን በምን ቃል ላመስግንሽ? የስኳር መለኪያው ማሽን ቁጥር ማውጣት አቅቶት "ሃይ"፣ ከልክ በላይ ነው፣ ብሎ ቀረ። እኔ ግን "ደክማለች፣ ግሉኮስ ስቀይላት" እያልኩ እለምንሻለሁ። "እናቴ፣ ግሉኮስ ማለት እኮ ስኳር ነው" አልሽኝና ጨዋማውን ሰቀልሽላት። በአምቡላንስም እስከ ባሕር ዳር ከረጢቱን በእጅሽ ከፍ አድርገሽ ይዘሽ ሄድሽ። ክንድሽ ሲንቀጠቀጥ አይቻለሁ።

ዶክተር፣ "መርፌው እስከ መቼ ነው?" ብዬ ስጠይቅዎት አልዋሹኝም። ዕድሜዋን ሙሉ እንደሆነ ነገሩኝ። ከዚያ ወንበር ስበው አጠገቤ ተቀመጡ። ድሮ ይህ መርፌ፣ ኢንሱሊን የሚባለው፣ ሳይገኝ እንዲህ የታመመ ልጅ እንደማይተርፍ፣ እ.ኤ.አ. በ1922 ግን ካናዳ ውስጥ አንድ የ14 ዓመት ልጅ ተወግቶ በሕይወት እንደቆየ አጫወቱኝ። ያን ሌሊት ያንን ልጅ እያሰብኩ አደርኩ።

ብርቱካን ላይ መውጋት ያስተማራችሁኝ የዋርድ ነርሶች፣ ስለ ሁለቱ ዓይነት ኢንሱሊን አቀዳድ "ጥርት ያለው ይቀድማል፣ ደፍረስ ያለው ይከተላል" ያላችሁኝን ዛሬም መርፌ ስቀዳ በአፌ እለዋለሁ።

ከሆስፒታል ስንወጣ ቤታችን ፍሪጅ የለም። ኢንሱሊኑ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ይፈልጋል። ግድግዳ የምንጋራዎት እትዬ፣ ነገሩን ሳልጨርስልዎት "አምጪው" አሉኝ። እንዳይረጋ ከበረዶው አርቀው በሩ ላይ ቦታ ሰጡት። ለቅሶ ሲሄዱ ቁልፉን ለእኛ ትተው ነው። መብራት ለሦስት ቀን የጠፋ ጊዜም ሸክላውን ያሳዩኝ እርስዎ ነዎት። ትልቅ ማሰሮ ውስጥ ትንሽ ማሰሮ፣ መሐላቸው እርጥብ አሸዋ፣ ብልቃጡ ውሃ እንዳይነካው በላስቲክ ተጠቅልሎ። የተከፈተው ብልቃጥ አሁን እዚያ ነው የሚያድረው። ጠዋት ስነካው ቀዝቀዝ ይላል።

እማዬ፣ እዚህ ፎገራ ሩዝ የሌለበት እንጀራ ውድ ነው። ሩዙ ስኳሯን ቶሎ እንደሚያወጣው ስትሰሚ ለእሷ የጤፉን ለብቻ መጋገር ጀመርሽ። ጂዳ ያለሽው እህቴ፣ ደሟ የሚነካበት የስኳር መለኪያ ስትሪፕ ከማሽኑ ጋር ካልገጠመ እንደማይሠራ ገብቶሽ የካርቶኑን ፎቶ አስልከሽ ገዛሽልን። የነፍስ አባታችን፣ "ጸበሉን ትጠመቅ፣ መርፌዋንም እንዳታቋርጥ፤ ጾሙ ይቅርባት" ብለው ከሰው አፍ ገላገሉኝ።

መምህር፣ ልጆቹ ይጋባብናል ብለው አብረዋት አልቀመጥ ሲሉ፣ እርስዎ ከጎኗ ተቀምጠው አስተማሩ። አንድ ቀን ስኳሯ ወርዶ ላብ አጥምቋት ስትንቀጠቀጥም በኪስዎ ከያዙት ስኳር በጥብጠው አጠጧት። "እንቅልፍ ነው" ብለው ቢያልፏት ኖሮ፣ ዛሬ ይህን አልጽፍም ነበር።

ነገ ከሰዓት በኋላ ቡና አፈላለሁ። ሁላችሁም ኑልኝ። ማታ ማታ መርፌዋን ራሷ መቅዳት ጀምራለች፤ እኔ መጠኑን አይላታለሁ። እናንተ ፊት ልቅዳ ብላኛለች።

የልጅቷ እናት፣ ከወረታ