ቅዳሜ መጽሐፍ ይዛችሁ ለምትወጡ

የተወደዳችሁ አባላት፣

ጊታ ጃያንቲ፣ የቅዱስ መጽሐፋችን የባጋቫድ ጊታ መታሰቢያ በዓል፣ ስለተቃረበ መጻሕፍት ለመንገደኞች ለማካፈል ቅዳሜ ጠዋት በቤተ መቅደሱ በር እንገናኝ። ብርድ ነውና ጓንት አትርሱ።

አንድ አዲስ አባል «ሰው እንቢ ሲለኝ አፍራለሁ» ብሎኛል። እኔም ከስንት ዓመት በኋላ አፍራለሁ! የሀሬ ክሪሽና እንቅስቃሴያችን መሥራች ስዋሚ ፕራቡፓዳ በ1965 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በጭነት መርከብ አሜሪካ ሲደርሱ 69 ዓመታቸው ነበር፤ የያዙትም ራሳቸው ተርጉመው ያሳተሟቸውን የባጋቫታም (ስለ አምላካችን ክሪሽና የሚተርክ ቅዱስ መጽሐፍ) ቅጾች ነበር። መምህራቸው ባክቲሲድሃንታ ሳራስቫቲ ማተሚያውን «ታላቁ ከበሮ» ይሉት ነበር፤ የእጅ ከበሮ ድምፅ ከሰፈር አያልፍም፣ የታተመ ቃል ግን ባሕር ይሻገራል።

ሆኖም መንገደኛን አታስጨንቁ። መጽሐፍ እጅ ላይ ጭኖ ገንዘብ መጠየቅ በ1970ዎቹ በአሜሪካ አየር ማረፊያዎች ብዙ ሰው አስቀይሟል። ጊታ በ18ኛው ምዕራፍ ይህን ትምህርት ለአምላኪዎች ከሚያካፍል የበለጠ ክሪሽና የሚወደው እንደሌለ ይናገራል፤ ጥቂት ቀደም ብሎ ግን መስማት ለማይሻ እንዳይነገር ያዝዛል። ይህኛውን ቁጥር አብዛኞቻችን እንዘለዋለን።

የመጻሕፍቱን ካርቶን መሬት ላይ አታስቀምጡ፤ ጠረጴዛ እኔ አመጣለሁ።