ለኢንዱስትሪ ፓርኮች ልማት ኮርፖሬሽን፦ ከሀዋሳ ሼዶች አንዱን ለኛው ልጆች ስጡልን

ሰላም ለናንተ ይሁን። የምጽፍላችሁ ስለ ሀዋሳው ፓርክ ነው፣ እዚህ ሰው ሁሉ አጎዋ፣ እቃችን ያለ ቀረጥ አሜሪካ የሚገባበት እድል ማለት ነው፣ ይመለሳል አይመለስም እያለ ሲጨነቅ እኔን ያሳሰበኝ ግን ሌላ ነገር ነው።

ፓርኩ ሐምሌ 2008 ሲመረቅ በ9 ወር አለቀ ተብሎ አገር ጉድ ብሏል፣ እውነትም ትልቅ ስራ ነበር። ህዳር 2014 ላይ አሜሪካ ከአጎዋ ልታስወጣን መሆኑ ሲታወቅ ግን ፒቪኤች የሚባለው የአሜሪካ ልብስ ካምፓኒ እዚህ ያለውን ፋብሪካውን ዘግቶ ወጣ። ኢንቨስተር ይመጣል ይሄዳል፣ ሙያው ግን ልጆቹ እጅ ላይ ነው የቀረው፤ የስፌት መስመር (ላይን) የመሩ፣ ጥራት የፈተሹ፣ ሱፐርቫይዘር የነበሩ ሴቶች እኮ ናቸው ዛሬ ሰው ሱቅ ተቀጥረው የሚውሉት፣ አረብ አገር የሄዱም አሉ። በጣም ያንገበግባል።

ባንግላዴሽን እዩ። እ.ኤ.አ. በ1979 ዴሽ የሚባል የነሱው የልብስ ስፌት ካምፓኒ ከኮሪያው ካምፓኒ ዴዉ ጋር በነበረው ውል 130 ሰራተኞች ኮሪያ፣ ቡሳን ከተማ ልኮ አሰለጠነ፣ በጥቂት አመት ውስጥ 115ቱ ለቀው ወጡ፣ ገሚሱ የራሱን ፋብሪካ ከፈተ ገሚሱ አዲስ የተከፈተውን መራ፣ የዛሬው የባንግላዴሽ ጋርመንት ትልቁ ስሩ እዛ ነው። መንግስት ደግሞ ሁለት ነገር አመቻቸላቸው፦ ጨርቁ ለኤክስፖርት ከሆነ ያለ ቀረጥ ጉምሩክ የሚቆጣጠረው (ቦንድድ) መጋዘን ይገባል፣ ከገዢው የመጣው ኤልሲ፣ ማለትም የገዢው ባንክ እከፍላለሁ ብሎ የሚሰጠው ዋስትና፣ ደግሞ ራሱ ማስያዣ ሆኖ ለጨርቁ ሌላ ኤልሲ ይከፈትበታል። ትእዛዝ ያለው ሰው ካፒታል ባይኖረውም መጀመር ቻለ ማለት ነው፣ እኛ ጋ እስቲ ባንክ ሄዳችሁ ትእዛዝ ይዣለሁ በሉ፣ ቤት አለሽ ወይ ነው የምትባሉት! ሞሪሺየስም እ.ኤ.አ. በ1970 የኤክስፖርት ዞን ህግ ስታወጣ የውጭ ሰው ብቻ አልጠበቀችም፣ ከስኳር ያተረፉ የአገሩ ሰዎች ብዙ ካፒታል አስገብተውበታል።

የባንግላዴሽን ሁሉንም ቅዱ እያልኩ አይደለም፣ ራና ፕላዛ የሚባለው የልብስ ፋብሪካዎች የነበሩበት ህንጻ እ.ኤ.አ. በ2013 ተደርምሶ ከ1,100 በላይ ሰው ያለቀበት አገር ነው። የኛ ሼዶች ከዛ በብዙ ይሻላሉ፣ ለዛም ነው ባዶ ሼድ ማየት የሚያናድደኝ።

የምጠይቃችሁ ይሄን ነው። አንድ ሼድ ከፋፍሉና ተደራጅተው ለሚመጡ የቀድሞ ሱፐርቫይዘሮችና ኦፕሬተሮች አከራዩ፣ የመጀመሪያውን አመት ኪራይ ቀለል አድርጉላቸው፣ ማሽኑን ከልማት ባንክ በሊዝ እንዲያገኙ እናንተው አገናኟቸው፣ ምክንያቱም እነሱ ብቻቸውን ሲሄዱ ከራስ የሚያዋጡት ድርሻ ላይ ነው የሚቆሙት። ሲጀምሩ አሜሪካ መላክ የለባቸውም፣ ፓርኩ ውስጥ ካሉት ፋብሪካዎች ሰብ ኮንትራት ወስደው ይስሩ፣ የተማሪ ዩኒፎርምም ይስፉ፣ ኤክስፖርቱ እጃቸው ሲጠና ይደረስበታል። አሁን ደግሞ ብር በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ዶላር የሚያመጣ ሰው ካመጣው ላይ የሚደርሰው ከድሮው ይሻላል፣ ታዲያ ይሄ ጥቅም ለውጭ ኢንቨስተር ብቻ ለምን ይሆናል?

ሼዱ ይሰጥ አይሰጥ መልሳችሁን በግልጽ ንገሩን፣ የሚሰጥ ከሆነም መስፈርቱን በአማርኛም በሲዳምኛም ፓርኩ በር ላይ ለጥፉልን፣ ልጆቹ እንዲያነቡት።